የጌም ዓለም የስበት ሕግ

በከተሞቻችን በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ልጆች ጆይስቲክ ጨብጠው ኳስ ይጫወታሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ይዘላሉ። እኛ ወላጆችና መምህራን ስለ ጌም ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የሚባክነውን ሰዓትና ገንዘብ ነው። ዛሬ የማነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። በስክሪኑ ላይ ወደ ሰማይ የተመታው ኳስ ተመልሶ ይወርዳል። ማን አወረደው? በኮምፒውተር ውስጥ ላለው ለዚያ ኳስ ስበት የለም፣ ክብደት የለም፣ አየርም የለም። የሚወድቀው አንድ ሰው እንዲወድቅ ስላዘዘው፣ እንዴት እንደሚወድቅም አስልቶ ስለ ጻፈለት ነው።

ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። እያንዳንዱ ጌም፣ ሠሪዎቹ የትኛውን የፊዚክስ ሕግ እንደ ጠበቁ፣ የትኛውን እንዳላሉ፣ የትኛውንም ጨርሰው እንደ ተዉ የሚያሳይ ሥራ ነው። ሕጉን የሚያላላው ደግሞ ሕጉን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። የተጠበቀውን ከላላው መለየት የቻለ ልጅ ፊዚክስ እየተማረ ነው። መለየት ያልቻለ ግን የላላውን ሕግ እንደ እውነተኛ ይዞ ወደ መንገድ ሊወጣ ይችላል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይጀምራል። ዊልያም ሂጊንቦተም የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሎስ አላሞስ የአቶም ቦምብ ፕሮጀክት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ይመራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከታገሉት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። በ1958 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ለጉብኝት የሚመጣውን ሕዝብ የሚያዝናና ነገር ፈለገ። ቤተ ሙከራው አንድ አነስተኛ አናሎግ ኮምፒውተር ነበረው። የመሣሪያው መመሪያ የጥይትን፣ የሚሳይልንና የሚነጥር ኳስን ጉዞ ከነስበቱና ከነአየር ተቃውሞው እንዴት ማስላት እንደሚቻል ያሳያል። ሂጊንቦተም የሚነጥረውን ኳስ ወስዶ የኤሌክትሪክ ሞገድን በሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ በተባለ መሣሪያ መስታወት ላይ ለሁለት ሰዎች የሚሆን የቴኒስ ጨዋታ አደረገው። ጎብኚዎች ተሰልፈው ተጫወቱ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚበልጠው የሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1959 ጨዋታው ተሻሽሎ ሲቀርብ፣ ተጫዋቾች ስበቱን መምረጥ ቻሉ። በጨረቃ ላይ እንዳሉ ቀለል ባለ ስበት፣ በጁፒተር ላይ እንዳሉ ደግሞ በከባድ ስበት መጫወት ይቻል ነበር። እንግዲህ የስበት ሕግ በጌም ውስጥ ገና በተጻፈ በዓመቱ፣ ልኩን የሚቀይር መምረጫ ተጨመረለት ማለት ነው። ይህን ማድረግ የቻለው ስበት በስሌቱ ውስጥ የት ቦታ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ስለ ሠራው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጌሞች የሚሠሩባቸው ዲጂታል ኮምፒውተሮች እንቅስቃሴን የሚያሰሉት በሌላ መንገድ ነው። ጊዜን ይቆራርጣሉ። አንድ ሰከንድ ለምሳሌ ለ60 ይከፈልና ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሥዕል ይሣላል። ሥዕሉን ፍሬም እንለዋለን። በእያንዳንዱ ፍሬም ኮምፒውተሩ ሁለት ድምር ብቻ ይሠራል፤ በፍጥነቱ ላይ የስበቱን ድርሻ ይጨምራል፣ ከዚያም በቦታው ላይ የፍጥነቱን ድርሻ ይጨምራል።

ነገሩን በገንዘብ እንየው። በየወሩ የሚቆጥብ ሰው አለ እንበል። በባንክ የተጠራቀመው ገንዘብ የኳሱ ቦታ ነው። በየወሩ የሚያስገባው መጠን ፍጥነቱ ነው። ከወር ወር በሚያስገባው ላይ የሚጨምረው ደግሞ ስበቱ ነው። ጭማሪው በየወሩ ያው ሆኖ ሳለ ማስገቢያው እያደገ ይሄዳል፤ የተጠራቀመው ደግሞ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ያድጋል። ከፎቅ የተለቀቀ ድንጋይም የሚወድቀው እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንፈትነው። የመሬት ስበት በየሰከንዱ የሚጨምረው ፍጥነት 9.8 ሜትር በሰከንድ ነው። ለ60 ሲካፈል በየፍሬሙ 0.163 ይደርሰዋል። 60ውን ፍሬም አንድ በአንድ ብንደምር ድንጋዩ በአንድ ሰከንድ 4.98 ሜትር ወርዶ እናገኘዋለን። ትክክለኛው መልስ 4.9 ሜትር ነው። በሁለት ድምር ብቻ የሚሠራ ማሽን የተሳሳተው በ8 ሳንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቹ ይህን ልዩነት በዓይኑ አይለየውም።

ጊዜን ቆራርጦ የማስላት ሐሳብ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፣ የመጀመሪያውን የእንቅስቃሴ ማረጋገጫ ሲሰጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ፕላኔቷ ለአጭር ጊዜ ቀጥ ብላ ትሂድ አለ፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ አንድ ጊዜ ትሳብ፤ እንደገና ቀጥ ብላ ትሂድ፤ እንደገና ትሳብ። ቁራጮቹን እያሳነሰ ሲሄድ ማዕዘናሙ መንገድ ወደ ለስላሳ ምህዋር ተለወጠ። በ1967 ሉፕ ቨርሌ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ የ864 የአርጎን አተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ሲያሰላ የተጠቀመበት ዘዴ በመሠረቱ ያው የኒውተን አካሄድ ነበር። በ2000 ደግሞ ኮፐንሃገን የሚገኘው አይኦ ኢንተራክቲቭ «ሂትማን» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ ተመትቶ የሚወድቅ ሰው አካል እንደ እውነተኛ አካል እንዲዝለፈለፍ ያደረገው በቨርሌ ዘዴ ነው። ለሰማይ አካላት የታሰበው ስሌት በአተሞች በኩል አልፎ በስክሪን ላይ ለሚወድቅ ክንድና ጉልበት ደረሰ።

በዚህ ስሌት ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ፍጥነቱ መጀመሪያ ታድሶ ቦታው በአዲሱ ፍጥነት ከተቀየረ፣ በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት ምህዋሯን ጠብቃ ትኖራለች። ቦታውና ፍጥነቱ ሁለቱም በአሮጌው ዋጋ ከተሰሉ ግን፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ከየትም ያልመጣ ጥቂት ኢነርጂ ይጨመርና ፕላኔቷ እየራቀች እየራቀች ትጠፋለች። አንድ መስመር ኮድ ከቦታው ሲዛወር የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ ይፈርሳል። ፕሮግራመሩ ፊዚክስ ካልገባው ስሕተቱ የት እንዳለ አያገኘውም።

ጊዜን መቆራረጥ ሌላም ዕዳ አለው። በጌም ውስጥ በሰከንድ 30 ሜትር የሚበር ኳስ በአንድ ፍሬም ግማሽ ሜትር ይሄዳል። የግብ ቋሚ ውፍረቱ ቢበዛ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የኳሱ ስፋት ደግሞ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኳሱ በአንዱ ፍሬም ከቋሚው ወዲህ፣ በሚቀጥለው ከቋሚው ወዲያ ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ሁለቱን ቦታዎች ብቻ ከሆነ ኳሱ ቋሚውን ሳይነካ ሰንጥቆት አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን መንገድ ሁሉ የሚመረምር ተጨማሪ ስሌት ያስገባሉ። በሰከንድ 900 ሜትር የሚሄድ ጥይት በአንድ ፍሬም 15 ሜትር ስለሚዘል፣ ብዙ የተኩስ ጌሞች ጥይቱን ጨርሰው ትተው ከአፈሙዙ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ፤ መስመሩ የነካው ነገር ተመታ ይባላል። በዚያ ጌም ውስጥ ጥይት ጊዜ አይፈጅም፣ አይወድቅም፣ ነፋስም አይገፋውም።

እንግዲህ ሕጉ ለምን እንደሚላላ እንጠይቅ። እኔ ሦስት ምክንያቶችን አያለሁ።

የመጀመሪያው የማሽኑ አቅም ነው። በ1962 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ «ስፔስዋር» የተባለውን ጌም በፒዲፒ-1 ኮምፒውተር ላይ ሠሩ። ሁለት የጠፈር መንኮራኩሮች በአንዲት ኮከብ ዙሪያ ይዋጋሉ። ዳን ኤድዋርድስ የኮከቧን ስበት ጨመረበት። መንኮራኩሮቹ ወደ ኮከቧ ይሳባሉ፤ ጎበዝ ተጫዋችም ስበቱን ተጠቅሞ ዞሮ ይወነጨፋል። ያ ኮምፒውተር በሰከንድ 100,000 ያህል ድምር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለሚተኮሱት ቶርፒዶዎች ሁሉ ስበት ለማስላት አቅም አልተረፈውም። ስለዚህ ቶርፒዶዎቹ ኮከቧን ከምንም ሳይቆጥሩ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። ለመንኮራኩሩ የተጻፈው የኒውተን ሕግ በጥይቱ ላይ አይሠራም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ልጅ እጅና ስሜት ነው። በ1985 በወጣው የኒንቴንዶ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ውስጥ ትንሹ ማሪዮ የራሱን ቁመት አራት እጥፍ ያህል ይዘላል። ቁመቱን አንድ ሜትር እናድርገውና 4 ሜትር ይዝለል። በመሬት ስበት ያን ከፍታ የሚዘል ሰው ወጥቶ እስኪመለስ 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለተጫዋች ይህ ረጅም ነው፤ እንደ ላባ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል፣ ጣቱ ያዘዘውንም ቶሎ አያገኝም። ዝላዩ በ0.8 ሰከንድ እንዲያልቅ ከተፈለገ ስበቱ ከመሬት ስበት አምስት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ማሪዮ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በተኑ እንደ ተጫነ ሲወጣ ስበቱ ቀለል ይላል፤ ሲወርድ ይከብዳል። ተጫዋቹ ጣቱን ቶሎ ካነሣ ዝላዩ ያጥራል። ከዚህ በላይ ደግሞ ማሪዮ አየር ላይ እያለ አቅጣጫውን ይቀይራል። እውነተኛ ሰው እግሩ ከመሬት ከተነሣ በኋላ የሚገፋው ነገር ስለሌለ ጉዞውን መለወጥ አይችልም፤ የሞመንተም ጥበቃ ሕግ ይከለክለዋል። ሠሪዎቹ ይህን ሕግ ለተጫዋቹ ነፃነት ሲሉ ተዉት።

ከማሪዮ በፊት በ1972 የወጣው የአታሪ «ፖንግ» ተመሳሳይ ውሳኔ አድርጎ ነበር። ብርሃንም ሆነ ኳስ ለስላሳ ግድግዳ ሲመታ በገባበት ማዕዘን ይመለሳል። በፖንግ ግን የመመለሻውን አቅጣጫ የሚወስነው ኳሱ መምቻውን የነካበት ቦታ ነው፤ ጫፉን ከነካ ተጣሞ ይሄዳል፣ መሐሉን ከነካ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ሠሪው የነጸብራቅን ሕግ ቢጠብቅ ኖሮ ተጫዋቹ ኳሱን ወደ ፈለገበት መላክ አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት የዓለሙ ስፋት ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ተሠርቶ ከ2011 ጀምሮ ለሕዝብ የቀረበው «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» ተጫዋቹ ሮኬት ሠርቶ ወደ ምህዋር የሚልክበት ጌም ነው። መነሻዋ ፕላኔት ከርቢን በገጽዋ ላይ ያላት ስበት ከመሬት ጋር እኩል ነው። ሬዲየሷ ግን 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የመሬት 6,371 ነው። በመሬት ዙሪያ በዝቅተኛ ምህዋር ለመቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል፤ በከርቢን ዙሪያ 2.3 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ተጫዋቹ በጥቂት ደቂቃ ምህዋር ይደርሳል። ዋጋው ምን ሆነ? እንዲህ ያለች ትንሽ ፕላኔት ያን ያህል ስበት እንዲኖራት እፍጋቷ ከመሬት ከ10 እጥፍ በላይ መሆን አለበት። ይህ በምድራችን ካሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ እጅግ እፍግ የሆነውን ኦስሚየምን ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዐለት የለም። የምህዋሩ ስሌት ግን እውነተኛ ነው፤ ወደ ፊት የቀደመን መንኮራኩር ለመያዝ ፍጥነት ቀንሶ ወደ ታች መውረድ እንደሚያስፈልግ ልጁ በእጁ ይማራል። የአሜሪካውና የአውሮፓው የጠፈር ድርጅቶች ከዚህ ጌም ሠሪዎች ጋር በትብብር ሠርተዋል።

በዚሁ ጌም ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ መፍትሔ አለ። ኮምፒውተር ቦታን የሚመዘግብበት የተለመደው የቁጥር ዓይነት የሚይዘው ሰባት አኃዝ ገደማ ነው። ከመነሻው ነጥብ 10,000 ኪሎ ሜትር የራቀ መንኮራኩር ቦታው በሜትር ሲመዘገብ ከአንድ ሜትር ያነሰ እንቅስቃሴው ይጠፋል፤ የሮኬቱ ክፍሎች መንቀጥቀጥና መበታተን ይጀምራሉ። መፍትሔው መንኮራኩሩን በመነሻው ነጥብ ላይ አቁሞ መላውን ዓለም በዙሪያው ማንቀሳቀስ ሆነ። ይህ ማጭበርበር ይመስላል። ነገር ግን ጋሊሊዮ በ1632 እንዳስረዳው፣ በእርጋታና በእኩል ፍጥነት በሚሄድ መርከብ ውስጥ የተዘጋበት ሰው መርከቡ ይሂድ ወይም ይቁም በምንም ሙከራ አይለይም። መንኮራኩሩ ሄደ ማለትና ዓለሙ ወደ ኋላ ሄደ ማለት በፊዚክስ ፊት እኩል ናቸው። ጌሙን ያዳነው የጋሊሊዮ ሕግ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትወዱት እግር ኳስ ልምጣ። በ1997 ብራዚላዊው ሮቤርቶ ካርሎስ በሊዮን ከተማ በፈረንሳይ ላይ 35 ሜትር ገደማ ከሚርቅ ቦታ የመታው ቅጣት ምት ከግቡ ውጭ የሚሄድ መስሎ ተጠማዝዞ ገባ። በረኛው ባርቴዝ ባለበት ቆሞ ቀረ። ኳሱ እየዞረ ሲበር ከኋላው የሚተወውን አየር ወደ አንዱ ጎን ስለሚያጣምም፣ አየሩ በተራው ኳሱን ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል። በ1852 በጀርመናዊው ማግኑስ የተጠናው ይህ ክስተት ዛሬም በስሙ ይጠራል። በጌም ውስጥ ኳስን አስመስሎ ለማጠማዘዝ በየፍሬሙ በስበቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ግፊት መደመር ይበቃል፤ ግፊቱ ከጉዞው አቅጣጫ ወደ ጎን ይሆናል፣ መጠኑም ኳሱ በሚዞርበትና በሚበርበት ፍጥነት ልክ ያድጋል። ያን ግፊት ስታነሡት ኳሱ ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ሙከራ በእውነተኛ ሜዳ ላይ ማንም ሊያደርግ አይችልም፤ አየርን ከሜዳ ማስወጣት አይቻልምና።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እስከ አሁን ያነሣኋቸው ሕግ የማላላት ውሳኔዎች ማንንም አይጎዱም። ሁለት ግን አሉ፤ ልጆቻችን ካላወቋቸው የሚጎዱባቸው። አንደኛው መውደቅ ነው። የጌም ጀግና ከ10 ሜትር ከፍታ ዘሎ ተነሥቶ ይሮጣል። በእውነቱ ከ10 ሜትር የወደቀ አካል መሬት የሚደርሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ አካሉ የሚሸከመው የክብደቱን 100 እጥፍ ገደማ ነው። ገዳዩ ድንገት መቆሙ ነው፤ በጌሙ ውስጥ የተተወውም ይህ ነው።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። መኪና እንዲቆም የሚያደርገው በጎማና በአስፋልት መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃ ደግሞ ወሰን አለው። በጥሩ ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 120 ሲገባ የሚያስፈልገው 40 ሜትር ይመስላል፤ ትክክለኛው ግን 80 ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ሌላ 33 ሜትር ይጨምራል። ለጨዋታ ደስታ ተብለው በተሠሩ ብዙ የመኪና ጌሞች ፍሬኑ ከዚህ እጅግ ይበረታል፤ የተጋጨው መኪናም ተመልሶ ይነዳል። በመንገዶቻችን ላይ ስንት ሰው እንደምናጣ የምታውቁ ሁሉ፣ ይህን ስሌት ለልጆቻችሁ መንጃ ፈቃድ ከማውጣታቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የመጨረሻው ቃሌ ለመምህራን ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት አለን፤ ጌም የተጫነበት ስልክ የያዘ ተማሪ ግን በየክፍሉ አለ። በ2009 በፊንላንዱ ሮቪዮ የወጣው «አንግሪ በርድስ» ውስጥ ወፏ ከባላው ስትወነጨፍ ተማሪዎቹ ስክሪኑን ይቅረጹት። ቪዲዮውን እያቆሙ በእኩል ጊዜ ልዩነት የወፏን ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ። ወደ ጎን ያለው ርቀት በየጊዜው እኩል ሆኖ ያገኙታል። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ደግሞ በየጊዜው በእኩል መጠን ይለወጣል። ጋሊሊዮ በ1638 ያሳተመው ግኝት ይኸው ነው፤ ተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ ደገሙት ማለት ነው።

ከዚያ በሌላ ጌም ውስጥ ወደሚዘልል ጀግና ይለፉ። ቁመቱን 1.7 ሜትር ብለው ይነሡ፤ የዝላዩን ከፍታ በቁመቱ ይለኩ፤ ከጫፉ እስከ መሬት የወሰደበትን ጊዜ በፍሬም ይቁጠሩ። ከፍታውን በሁለት አባዝተው ለጊዜው ካሬ ያካፍሉ። ጀግናው 3.4 ሜትር በ0.4 ሰከንድ ከወረደ መልሱ 42.5 ነው፤ ከመሬት ስበት አራት እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ መምህሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ሠሪው ስበቱን ለምን አከበደው? ለዚህ ጥያቄ ምክንያት ማቅረብ የቻለ ተማሪ ቀመሩን ከመሸምደድ አልፏል። ስበት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ቢቀየር ምን እንደሚሆንም ያውቃል። ነገ የራሱን ጌም፣ ድልድይ ወይም ሮኬት ለመሥራት የሚነሣ ሰው የሚያስፈልገው ዕውቀት ይህ ነው፤ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜያችሁ ጀምሩት።